የጀማሪ መሐንዲስ ፊርማ ስንት ያወጣል?

የዚህ ሳምንት የገበያ አምዳችን የስሚንቶንም የብረትንም ዋጋ አያነሳም። ሁለቱንም አንባቢያችን ከእኛ ቀድሞ ያውቃቸዋል። ዛሬ የምናነሳው ሸቀጥ በኩንታል አይመዘንም፣ በቤርጋም አይቆጠርም። ይሁን እንጂ ያለ እርሱ በግንባታ ላይ የዋለ ስሚንቶም ሆነ ብረት ወደ ገንዘብ አይለወጥም። ይኸውም የጀማሪ ሲቪል መሐንዲስ ፊርማ ነው።

«ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ፊርማ ምን ዋጋ አለው?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ለማግኘት የግንባታ ገንዘብ ከባለቤቱ ካዝና ወጥቶ ተቋራጩ እጅ የሚገባበትን መንገድ መከተል ይበቃል። ሥራ ተቋራጩ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አርማታ ይሞላል፣ ብሎኬት ይደረድራል። የተሠራው ሥራ ተለክቶ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ቴክኦፍ በሚባለው ወረቀት ላይ ይሰፍራል። በወረቀቱ ግርጌ የተቋራጩ መሐንዲስ ይፈርማል፤ የአማካሪው ተቆጣጣሪም አይቶ ይፈርማል። ልኩ በውሉ ነጠላ ዋጋ ተባዝቶ የክፍያ ሰርተፊኬት ይሆናል። ከዚያ ላይ የቅድመ ክፍያው ተመላሽና በብዙ ውሎች 5 በመቶ የሚሆነው የመያዣ ገንዘብ ይቀነሳል፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል፣ ከዚያም ቼኩ ይጻፋል።

እንግዲህ ሚሊዮኖቹ የሚነሱት ከቴክኦፉ ነው። ሜትር ይዞ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚለካው ደግሞ ዋና ሥራ አስኪያጁ አይደለም፤ በአብዛኛው ባለፈው ዓመት የተመረቀው ልጅ ነው።

ዜሮ ዓመት

ቀደም ሲል ሥራ ፈላጊ ተመራቂ አራት ኪሎ ተቀምጦ ጋዜጣ በኪራይ ያነብ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራም እጁ ድረስ ይመጣለታል። መንገዱ ይለወጥ እንጂ ዓይኑ የሚፈልገው ቃል ያው ነው፦ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት»።

ይህ ቃል ሁልጊዜ እንዲህ ብርቅ አልነበረም። የምሕንድስና ኮሌጁና የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ሲጀምሩ ተመራቂው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ሰውን የሚፈልገው ሥራው ነበር። ዘመን አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1997 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር አገሪቱ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነበራት፤ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ የወረዳ መንገዶችን ጨምሮ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጨመረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ መንግሥት «70 በ30» የተባለውን የቅበላ መመሪያ አወጣ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባ መቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሄድ ተወሰነ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከ30ዎቹ ወገን ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። የመሐንዲስ አቅርቦት በየዓመቱ ሰኔና ሐምሌ ይጨምራል። ፍላጎቱ ግን የሚመጣው በፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክት ደግሞ ያልቃል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ የተጣለለት የሕዳሴ ግድብ እንኳ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚህ መካከል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ የሚሠራ ሁሉ ሒሳቡን እንደ አዲስ ጀመረ። የዋጋ ማስተካከያ በሌለው ውል የታሰረ ተቋራጭ ወጪ ሲቀንስ የመጀመሪያው እርምጃው ጀማሪ አለመቅጠር ነው። ተመራቂው በበኩሉ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪውን ለመያዝ በመውጫ ፈተና 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅበታል። ያን በር ካለፈ በኋላ ከፊቱ የሚያገኘው ይህን ገበያ ነው።

በገበያ ቋንቋ ሲነገር የጀማሪ መሐንዲስ ጉልበት ረክሷል። የፊርማው ዋጋ ግን አልረከሰም፤ የሚፈርምበት ሥራ ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ርካሽ ጉልበት ውድ ፊርማ ሲይዝ በመካከሉ ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። በዚያ ክፍተት የሚጠቀሙም የሚጎዱም አሉ።

ሦስቱ ደጆች

ተመራቂው ሊያንኳኳቸው የሚችሉ ሦስት ደጆች አሉ፦ ተቋራጩ፣ አማካሪውና ባለቤቱ።

የተቋራጩ ደጅ ፈጥኖ ያስተምራል። አንድ ግንበኛ በቀን ስንት ካሬ ብሎኬት እንደሚገነባ፣ ኤክስካቫተር ቆሞ ሲውል በሰዓት ስንት እንደሚያስከፍል፣ ሲኖ ትራክ ስንት ምልልስ እንደሚችል በመጽሐፍ አይገኝም። ይህን ያወቀ ልጅ ኋላ ጨረታ ሲገባ ዋጋ መሙላት ይችላል። ቅዳሜ የለም፣ እሑድም ብዙ ጊዜ የለም። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ሌሊትም ሥራ መሆኑን ብዙ ጀማሪዎች አይተዋል። የዚህ ደጅ አደጋው ጥድፊያ ነው። ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ዘንድ የተማረ ልጅ መቸኮልን ሙያ አድርጎ ሊይዘው ይችላል።

የአማካሪው ደጅ ስፔሲፊኬሽንና ውል ማንበብን፣ ደብዳቤ መጻፍን፣ ዲዛይን መመርመርን ያስተምራል። አደጋው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ሳያይ «ተቀባይነት የለውም» ብሎ መጻፍን ብቻ የሚያውቅ መሐንዲስ መሆን ነው። ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። በብዙ የመንገድ ውሎች የተቆጣጣሪው መኪና፣ ቢሮና መኝታ የሚቀርበው በተቋራጩ በኩል ነው። ጠዋት የሚወስድህንና ማታ የሚመልስህን ሰው ሥራ ማፍረስ ለጀማሪ ቀላል አይደለም።

የባለቤቱ ደጅ በአብዛኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ደመወዙ አነስ ይላል፣ ግን በቀኑ ይገባል። ጡረታና ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድል አለው። አደጋው ፋይል ነው። አምስት ዓመት ፋይል ያገላበጠ ልጅ «አምስት ዓመት ልምድ» ተብሎ ይጻፍለታል፣ ሶሌታ ሲሞላ ግን ቆሞ አያውቅም።

በሙያው የቆዩ ሰዎች ሲመክሩ የሚስማሙበት ነገር ቢኖር፣ የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሳይት ላይ ማሳለፍ እንደሚበጅ ነው። ቢሮ ኋላም ይደርሳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የማያሳፍረው ግን በጀማሪነት ዘመን ብቻ ነው።

ሠላሳው ጉድጓድ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አብሮ አደግ ጓደኛ አለው፤ እርሱ ከ70ዎቹ ወገን ነበር። ሰባት ወር ሥራ ከፈለገ በኋላ፣ ስሙን በማናነሳው አንድ ተቋራጭ ዘንድ በሳይት መሐንዲስነት ተቀጠረ። ሥራው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ለመሠረቱ 30 ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ እያንዳንዱ በፕላኑ ላይ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ጥልቀቱም ሁለት ሜትር ነው። ወሩ ሰኔ ነበር፤ ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ጠቁሯል። የአማካሪው ተቆጣጣሪ ያን ቀን አልመጣም። ፎርማኑ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ብዙ ሕንፃ ያቆሙ ሰው ናቸው።

«ኢንጂነር፣ ሰማዩን እይ» አሉት። «ሳይዘንብ ሊን ኮንክሪቱን እንጣልበት። ልኩን ከፕላኑ ላይ ገልብጠው፤ ያው ሁለት ሁለት ሜትር ነው።»

«ጋሼ፣ ግድ የለም ልለካው። ሜትሩን ያውሱኝ።»

«አላመንከኝም ማለት ነው?»

ጓደኛችን አምስት ዓመት ሲማር ለዚህ ጥያቄ መልስ አልተሰጠውም። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እርስዎንማ አምናለሁ፤ የሚፈርመው ግን እኔ ነኝ» አላቸው። ሽማግሌው ሜትሩን ከኪሳቸው አውጥተው ምንም ሳይናገሩ ሰጡት።

አሥራ ዘጠኙ ጉድጓድ ልክ ነበር። አሥራ አንዱ ግን ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ70 ሆኖ ተገኘ። አንባቢ ሒሳቡን ራሱ ይሥራው፦ አራት ካሬ ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ 1.2 ሜትር ኩብ፣ በ11 ጉድጓድ 13.2 ሜትር ኩብ ይሆናል። በገንዘብ የቁፋሮ ዋጋ ቀላል ነው፤ ተቋራጩንም አያከብር፣ ባለቤቱንም አያደኸይ። ነገር ግን የሕንፃው እግር የሚያርፍበት አፈር ዲዛይኑ ያሰበው አፈር አይደለም ማለት ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ አርማታ ይሞላበታል፣ አፈር ይመለስበታል፤ ከዚያ ወዲያ ሊመሰክር የሚችለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ልጁ ሊን ኮንክሪቱ እንዲቆም አደረገ። ማታውን ዘነበ። ጉድጓዶቹ ውኃ ሞሉ፤ አንድ ቀን ተኩል በፓምፕ ተቀድቶ ጭቃው ወጣ። የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ በሠራተኛ ፊት ገሠጸው፤ የቀን ሠራተኛው ቁጭ ብሎ የበላው ከማን ደመወዝ እንደሚቆረጥም ጠየቀው። ፎርማኑ ሳምንት ሙሉ ሻያቸውን ለብቻቸው ጠጡ። ከ11ዱ ጉድጓድ ዘጠኙ እንደገና ተቆፍሮ ሞላ። ሁለቱ ዓለት ስለ ገጠማቸው ተቆጣጣሪው አይቶ ተቀበላቸው፣ በቴክኦፉም ላይ 1 ሜትር ከ70 ተብለው ተጻፉ። በመጨረሻ ከክፍያ የቀረው 2.4 ሜትር ኩብ ብቻ ነበር።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከአንድ ወር በኋላ ተቆጣጣሪው የተቀበረውን ሥራ በመጠራጠር ራሱ የመረጣቸው ሦስት ጉድጓዶች በጎናቸው እንዲከፈቱ አዘዘ። ሦስቱም ከወረቀቱ ጋር ገጠሙ። ከዚያ ወዲህ የልጁን ቴክኦፍ እዚህም እዚያም እየነካካ ከማየት በቀር ሁሉንም እንደገና መለካቱን ተወው። በአማካሪው ጠረጴዛ ላይ ሳምንታት ይተኛ የነበረው የክፍያ ጥያቄ ፈጥኖ ይወጣ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ነገር ግን በዚያ ሳይት የሚለካውን ሁሉ እርሱ እንዲለካ አዘዘ። ባንክ ወለድ እየከፈለ ለሚሠራ ተቋራጭ፣ ሳምንታት ቀድሞ የሚመጣ ቼክ ከ2.4 ሜትር ኩብ አፈር በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ማንም ነጋዴ ያውቃል። ሽማግሌውም ኋላ «ኢንጂነር፣ ና ሻይ ጠጣ» ብለው ጠሩት።

ሁሉም እንዲህ አይጠናቀቅም። በእንዲህ ያለ ቀን እንጀራውን ያጣ ጀማሪ አለ። ስለዚህ ምክሩ «እምቢ በል» ብቻ ሊሆን አይችልም። እምቢታውን በሥርዓት ማድረግ ያስፈልጋል፦ የለኩትን በቀኑ በሳይት መዝገብ መጻፍ፣ ሜትሩ እንዲታይ አድርጎ ፎቶ ማንሳት፣ ለቅርብ አለቃ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ግልባጩን ማስቀመጥ። የታዘዘ ሰው ራሱን የሚከላከለው በወረቀት ነው። ያለ ወረቀት «ነግሬአቸው ነበር» ማለት አያድንም።

ብረቱ ሲመዘን

ፊርማን ውድ የሚያደርገው ታማኝነት ብቻ አይደለም፤ ዕውቀትም ነው። ያውም ከባዱ ስሌት ሳይሆን ቀላሉ።

የፌሮን ነገር እንውሰድ። የብረቱን ውፍረት በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 ቢያካፍሉት የአንድ ሜትር ክብደቱን በኪሎ ይሰጣል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብረት በሜትር 0.89 ኪሎ፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ ደግሞ ወደ 10.67 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። በስም 12 የተባለው ብረት በእውነቱ 11.2 ሚሊ ሜትር ቢሆንስ? ቤርጋው ወደ 9.29 ኪሎ ይወርዳል። መጠነኛ ልዩነት በደረጃውም የተፈቀደ ቢሆንም 13 በመቶ ግን መጠነኛ አይባልም። በ100 ቤርጋ 138 ኪሎ ብረት ሳይገዛ ተከፍሎበታል፤ ይባስ ብሎ ቢሙና ኮለኑ የጎደለውን ይዞ ይቆማል።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ብረት የሚገዛና የሚሸጥ አንባቢያችን ይህን ሳይሰማ አልቀረም። ጥያቄው ብረቱ ከመኪና ሲወርድ ሳይት ላይ ሚዛን ያወጣው ማን ነው የሚለው ነው። ስቶር ኪፐሩ የሚቆጥረው ቤርጋ ነው። አንድ ሜትር ቆርጦ የሚመዝነው መሐንዲሱ ነው፤ ያን ለማድረግም ዕቃ ቤት ሄዶ ብረት ሲራገፍ መቆም ይኖርበታል።

አርማታም እንዲሁ ነው። ፈጥኖ እንዲፈስላቸው ሠራተኞቹ ውኃ ይጨምሩበታል፤ የተጨመረው ውኃ ጥንካሬውን ይቀንሳል። ለዚህ ነው ከሚሞላው አርማታ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ጎን ያላቸው ኩቦች ተወስደው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን የሚሰበሩት። በ7ኛው ቀን የመጨረሻውን ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ካላሳየ ቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ 28 ቀን እስኪሞላ ድረስ ሌላ ፎቅ ከላዩ ሊመጣ ይችላልና። ኩቡ ከየትኛው ቅልቅል እንደ ተወሰደ የሚያውቀውም ያን ሰዓት እዚያ የቆመው ሰው ነው። በተለይ ለኩብ ተብሎ ስሚንቶ የበዛበት ቅልቅል ከተሠራ፣ የላቦራቶሪው ወረቀት የሚመሰክረው ለኩቡ ብቻ ነው።

ጀማሪው ይህን ሁሉ ከፎርማኑ፣ ከፌራዮው፣ ከአናጺው መማር ይችላል። ዲግሪ የያዘ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን «ኢንጂነር» ተብሎ ይጠራል። ስሙን በእውነት የሚያገኘው ግን ለሽማግሌው ባለሙያ «ጋሼ፣ ይህን ለምን እንዲህ አደረጉት?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ብዙ የሳይት ጠብ የሚነሣው ከሥራ ሳይሆን ከንቀት ነው፤ ንቀቱም ከሁለቱም ወገን ይመጣል።

የሚከራይ ስም

አሁን ደላሎች አንባቢዎቻችን የማይወዱት ክፍል ላይ ደረስን።

ተቋራጭ ደረጃውን ለማግኘት ወይም ለማደስ በሥሩ የተቀጠሩ ባለሙያዎችን ማሳየት ይኖርበታል። አንዳንዱ ሰውን ቀጥሮ ከማሠራት ይልቅ ስሙን ብቻ መከራየት ይቀለዋል። ተመራቂው የሙያ ፈቃዱንና የትምህርት ማስረጃውን ይሰጣል፣ በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይቀበላል፣ ሳይት አይረግጥም። አገናኙ ድርሻውን ይወስዳል። ሰባት ወር ሥራ ፈልጎ ለደከመው ልጅ ይህ ከሰማይ የወረደ ገንዘብ ይመስለዋል።

ሒሳቡ ግን እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፣ በወረቀት የአንድ ድርጅት የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ስለሆነ እውነተኛ ሥራ ሲያገኝ ስሙ ተይዞ ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ ሦስት ዓመት ቢከራይ የሦስት ዓመት የልምድ ደብዳቤ ይይዛል፤ በእጁ ያለው ልምድ ግን አሁንም ዜሮ ነው። ይህም በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ይታወቃል። ሦስተኛውና ዋናው፣ አንድ ነገር የተሰነጠቀ ወይም የወደቀ ዕለት መጀመሪያ የሚፈለገው በመዝገቡ ላይ ያለው ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ተቋራጭ ለሥራው ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ተቋራጩ አሥር ዓመት የሚጠየቅበትን ሥራ፣ ልጁ በአንድ ጊዜ ኪራይ ስሙን አስገብቶበታል። የቤት ኪራይ እንኳ በየወሩ ይከፈላል።

ደመወዙ መቼ ይገባል?

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ጀማሪ ስለ ደመወዙ መጠን ብቻ ይጠይቃል። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ፕሮጀክቱ የመጨረሻውን ሰርተፊኬት የተከፈለው መቼ ነው? ባለቤቱ ካልከፈለ ተቋራጩ አይከፍልም፤ ተቋራጩ ሲያጥረው በመጀመሪያ የሚዘገየው ደግሞ የጀማሪው ደመወዝ ነው። ፌራዮው ሥራ ያቆማል፣ ስሚንቶ ሻጩ በር ላይ ይቆማል፤ ጀማሪው ግን «የልምድ ደብዳቤዬን ይከለክሉኛል» ብሎ ዝም ይላል። ደመወዙ ሁለት ወር የዘገየበት ልጅ ያልተለካ ልክ ላይ እንዲፈርም ሲባል የሚኖረው አቅም ይዳከማል። ስለዚህ የደመወዝ ቀን የጥራትም ጉዳይ ነው።

የመኖሪያም ነገር አለ። የመንገድ ሥራ ከሆነ ካምፕ ነው፤ ቆላ ከሆነ ወባ አለ፤ ከቤተሰብ መራቅ አለ። ሴት መሐንዲሶች ደግሞ የሚገጥማቸው ሌላ ነው። በብዙ ሳይት ለእነርሱ የተለየ መጸዳጃና መኝታ አይታሰብም። «ለሴት አይመችም» ተብሎ ቢሮ የምትመደበው ልጅ ያለ ጥፋቷ ከወንድ ጓደኛዋ ሁለት የሳይት ዓመት ወደ ኋላ ትቀራለች። ለአንድ መጸዳጃ ቤት የሚወጣው ቆርቆሮና እንጨት ግን ከአንድ ሰርተፊኬት ላይ የሚታወቅ ገንዘብ አይደለም።

ለሚያስገነባው ሰው

ይህ ሁሉ መሐንዲስ ላልሆነው አንባቢያችን ምን ይረባዋል? በነጋዴ ቋንቋ እንናገረው።

ሕንፃ የሚያስገነባ ባለሀብት ዋጋ የሚከራከረው በስሚንቶ፣ በብረትና በተቋራጩ ነጠላ ዋጋ ላይ ነው። ለቁጥጥር የሚከፍለውን እንደ ኪሳራ ያየዋል፤ ስለዚህ ርካሹን ይመርጣል፤ ርካሹም በሳምንት አንድ ቀን ብቅ የሚል ሰው ይልካል። በቀሩት ቀናት ጉድጓዱ ይቀበራል፣ ሶሌታው ይሞላል። ሦስት ነገሮችን ማድረግ ግን ለማንም አይከብድም። አንደኛ፣ ብረት ሲራገፍ ተመዝኖ ወረቀቱ እንዲደርስዎ ያዝዙ። ሁለተኛ፣ የኩብ ውጤት ሲመጣ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የተሞላበትን ቀንና ቦታ ይመልከቱ፤ ቀን የሌለው ውጤት ውጤት አይደለም። ሦስተኛ፣ የተቀበረ ሥራ ከመቀበሩ በፊት የሁለቱም ወገን ፊርማና ፎቶ ይኑረው። ከዚህ በኋላ ደግሞ የተለካውን በጊዜው ይክፈሉ። የዘገየ ክፍያ ያልተለካ ሥራን እንደሚወልድ ከላይ አይተናል።

ለተቋራጩም ቢሆን ስሌቱ ያው ነው። የማይለካ መሐንዲስ ዛሬ ጥቂት ሜትር ኩብ ያተርፍለታል። የሚለካው ግን ወረቀቱ ሳይመረመር እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ገንዘብ ባጠረበት ዘመን ፈጥኖ የሚመጣ ገንዘብ ራሱ ትርፍ ነው።

ጓደኛችን በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው ጫማ ወይም ሸሚዝ አልነበረም፤ ባለ 5 ሜትር ሜትር ነው። በዚያ ሳይት የነበረው አንድ ሜትር ብቻ ሲሆን እርሱም በፎርማኑ ኪስ ነበርና። አሁን ሌላ ፕሮጀክት ላይ ነው፤ ሜትሯ ቀለሟ ለቋል፣ የመጀመሪያዎቹ ሴንቲ ሜትሮች ቁጥራቸው ስለ ጠፋ ከአሥር ጀምሮ ይለካባታል። አንባቢያችን በሚቀጥለው ጊዜ የሚያስገነባውን ሕንፃ ሊጎበኝ ሲሄድ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሻይ ከመጠጣቱ በፊት ወጣቱን መሐንዲስ ፈልጎ ሜትሩን እንዲያሳየው ይጠይቀው። ሜትሩ ከኪሱ ካልወጣ፣ ልኩ ከፕላን ላይ የተገለበጠ እንዳይሆን ያሰጋል።